ምዕራፍ ስድስት፦ ፒኩ የሚያመልጥበት መንገድ

ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉና በአመልካች ጣታችሁ የቻላችሁትን ያህል ቶሎ ቶሎ አንኳኩ። ምንም ልምምድ የሌለው ጤነኛ አዋቂ ሰው በሰከንድ 5 ወይም 6 ጊዜ ያህል ያንኳኳል። እያንዳንዱ ማንኳኳት ጣት ወርዶ የሚመለስበት ሙሉ ዙር ነው። ጊታር ላይ ደግሞ ፒክ ሲወርድም ክሩን ይመታል፣ ሲመለስም ይመታል። ስለዚህ በሰከንድ 5 ዙር ማለት በሰከንድ 10 ኖታ ማለት ነው። ሜትሮኖሙን 150 ላይ አድርጎ በአንድ ቢት 4 ኖታ የሚጫወት ሰው ፍጥነት ይኸው ነው፤ ከዝነኞቹ የሮክ ሶሎዎች ብዙዎቹ ከዚህ ብዙም አይርቁም። የምንመኘው ፍጥነት ገና ጊታር ሳንይዝ እጃችን ውስጥ አለ።

ታዲያ ለዓመታት ሳይታክት የተለማመደ ሰው 110 ወይም 120 ላይ ሲደርስ እጁ የሚተሳሰረው ለምንድን ነው? ከብዙ አስተማሪዎች የሚሰማው መልስ፣ ጡንቻው ገና አልጠነከረም፣ ሜትሮኖሙን ቀስ እያለ ይጨምር የሚል ነው። እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። ክር መምታት የሚጠይቀው ጉልበት እጅግ ትንሽ ነው፤ የተለመደው ቀጭኑ ክር ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ክር ብቻ ይዞ ቶሎ ቶሎ መምታትም ለአብዛኛው ሰው የማይደረስበት ነገር አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ዜማው ወደ ጎረቤት ክር ሲሻገር ነው። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይም መሻገር ነው።

በአንድ ክር ላይ ያለ ፍጥነት ምን እንደሚመስል ለመስማት የዲክ ዴልን «ሚሰርሉ» ማድመጥ ይበቃል። ዴል በአባቱ በኩል የሊባኖስ ዘር ያለው አሜሪካዊ ነበር፤ ዑድ ከሚጫወት አጎቱ ብዙ ሰምቷል። እ.ኤ.አ. በ1962 ይህን የምሥራቅ ሜዲትራኒያን የሕዝብ ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታሩ ወፍራም ክር ላይ ቁልቁልና ሽቅብ ያለማቋረጥ እየመታ አወጣው። የ1994ቱን «ፐልፕ ፊክሽን» ፊልም ያየ ሰው መክፈቻው ላይ ሰምቶታል። ድምፁ እንደ ማዕበል ይመጣል፤ ጉልበቱም የሚያስደንቅ ነው። ልብ በሉ ግን፣ ዋናው ዜማ የሚሄደው በአንድ ክር ላይ ነው። ግራ እጅ በፍሬቶቹ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ ፒኩ ከቦታው አይነቃነቅም። ከሁለት ጎረቤት ክሮች መካከል መውጣት ስለማያስፈልገው የሚያስረው ነገር የለም።

አሁን ሁለተኛ ክር እንጨምር። በብሪጁ አካባቢ በሁለት ጎረቤት ክሮች መካከል ያለው ርቀት ከ10 እስከ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ፒኩ ከክሮቹ ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ቢመላለስ፣ ከመታው ክር ወዲያም ወዲህም ጎረቤት ክር ይጠብቀዋል። ሦስተኛውን ክር ቁልቁል መታና በሦስተኛውና በሁለተኛው መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ቆመ እንበል። ቀጣዩ ኖታ ሁለተኛው ክር ላይ፣ ያውም በሽቅብ ምት ከሆነ፣ ፒኩ መጀመሪያ ሁለተኛውን ክር ዘሎ ማለፍ፣ ከዚያ ዞሮ መምታት አለበት። ያችን ዝላይ የሚያደርገው ሌላ ጡንቻ፣ ሌላ እንቅስቃሴ ነው። በዝግታ ስንጫወት ጊዜ ስላለ ዝላዩ አይታወቀንም። በሰከንድ 10 ኖታ ስንደርስ ግን ለእያንዳንዱ ኖታ ያለን ጊዜ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ ነው። ዝላዩ እዚያ ውስጥ አይገባም። እጅ ይደነግጣል፣ ክንድ ይጠነክራል፣ ፒኩ ያልታሰበውን ክር ይነካል። ጡንቻዬ ደከመ የሚለው ተማሪ በእውነት የደከመው ከዚህ ዝላይ ጋር ሲታገል ነው።

መፍትሔው የፒኩን መንገድ ዘንበል ማድረግ ነው። ፒኩ ቁልቁል ሲመታ ወደ ጊታሩ አካል ጠልቆ እንዲገባ፣ ሽቅብ ሲመለስ ደግሞ ከክሮቹ ገጽ ወጥቶ አየር ላይ እንዲያበቃ እናድርገው። ለዚህ በጣቶቻችን የያዝነው የፒኩ ጫፍ ትንሽ ወደ መሬት ያዘነብላል፣ ክሩን የሚነካው ጫፍ ደግሞ ትንሽ ወደ ላይ ያያል። በዚህ አያያዝ ቁልቁል ምት ሁልጊዜ በክሮች መካከል ይታሰራል፤ ሽቅብ ምት ግን ሁልጊዜ ያመልጣል። ካመለጠ በኋላ ወደፈለገው ክር መሄድ ይችላል፤ ዝላይ የሚባል ተጨማሪ ሥራ የለበትም። ዝንባሌውን ብንገለብጠው ቁልቁል ምት ያመልጣል፣ ሽቅብ ምት ይታሰራል። ከሁለቱ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ተጫዋቹ ማወቅ ያለበት የትኛው ምቱ እንደሚያመልጥ ነው፤ ክር የሚቀይረውም ከዚያ ምት በኋላ ነው።

ይህን ነገር ስም ሰጥቶና በሥርዓት አደራጅቶ ያስተማረው አሜሪካዊው ጊታሪስት ትሮይ ግሬዲ ነው። የጀመረውም የኢንግቪ ማልምስቲንን ቪዲዮዎች እያዘገመ በመመልከት ነበር። በኋላ ካሜራ ጊታር ላይ እየገጠመ የታወቁ ተጫዋቾችን እጅ በቅርብ ቀረጸ። የግሬዲን ሥራ በጣም አከብራለሁ፤ ከዚያ በፊት ስለ ፈጣን አመታት የተጻፈው አብዛኛው ነገር እጅ ምን ያደርጋል የሚለውን ጥያቄ ዘሎ ስንት ሰዓት እንለማመድ ወደሚለው ይሄድ ነበር።

ማልምስቲን እ.ኤ.አ. በ1963 ስቶክሆልም የተወለደ ስዊድናዊ ነው፤ በ1984 «ራይዚንግ ፎርስ» የተባለው አልበሙ ሲወጣ በዚያ ፍጥነት እንዲህ ንጹሕ ድምፅ መስማት ብዙ ጊታሪስቶችን አስደንግጧል። የእጁ ምስጢር ሲታይ ግን ያልተወሳሰበ ነው። ሽቅብ ምቱ ያመልጣል፤ ስለዚህ በአንድ ክር ላይ የሚመታው ኖታ ቁጥር ጥንድ እንዲሆን ያደርጋል። ቁልቁል፣ ሽቅብ፣ ከዚያ ማለፍ። በአንድ ክር ላይ ሦስት ኖታ ሲገጥመው ሁለት መውጫ አለው። ወደ ቀጭኖቹ ክሮች እየሄደ ከሆነ የመጨረሻውን ቁልቁል ምት ሳያቋርጥ ቀጣዩን ክር በዚያው ግፊት ይመታዋል። ወደ ወፍራሞቹ እየተመለሰ ከሆነ ግን ሁለቱን በፒክ መትቶ ሦስተኛውን በግራ እጁ ጣት ብቻ ክሩን ሳብ አድርጎ ያሰማዋል። አድማጩ ሁሉም ኖታ በፒክ የተመታ ይመስለዋል። ጃንጎ ሬይንሃርትም ከእሱ ግማሽ ክፍለ ዘመን ቀድሞ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ነበር፤ የጂፕሲ ጃዝ ተጫዋቾች ቁልቁል ምታቸውን ቀጣዩ ክር ላይ ያሳርፋሉ፣ አዲስ ክርም በቁልቁል ምት ይጀምራሉ።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። አንዳንዶች እየተጫወቱ መሃል ላይ ዝንባሌውን ይገለብጡታል። የስቲቭ ሞርስ እጅ ደግሞ የፒኩን ጉዞ በሁለቱም ጫፍ ወደ ላይ የሚነሳ ቅስት ያደርገዋል፤ ቁልቁሉም ሽቅቡም ያመልጣል። በእያንዳንዱ ክር ላይ አንድ ኖታ ብቻ እየመታ ስድስቱን ክሮች ማዳረስ የሚችለው በዚህ ነው። ለጀማሪ ከባዱ መንገድ ይህ ስለሆነ ከሌሎቹ በኋላ ቢመጣ ይሻላል። አውስትራሊያዊው ፍራንክ ጋምባሌ ክር በቀየረ ቁጥር ፒኩን በሄደበት አቅጣጫ ማስቀጠልን እስከ ጥግ ወስዶታል።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ጊታሪስት ትልቅ መልካም ዜና አለ፤ ተገቢውን ያህል ሲነገር ስላልሰማሁ ረዘም አድርጌ ልናገረው።

የምዕራባውያኑ ዋና ስኬል ሰባት ኖታ አለው። ሰባት ኖታ በጊታር ላይ ሲዘረጋ በአንድ ክር ሦስት ሦስት ሆኖ መቀመጥ ይቀናዋል። ሦስት ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ በመጀመሪያው ክር የመጨረሻው ምት ቁልቁል ይሆናል፣ በቀጣዩ ሽቅብ፣ በሚቀጥለው እንደገና ቁልቁል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዝንባሌ ብቻ ያለው እጅ በየሁለት ክሩ ይታሰራል። ማልምስቲን ያን ሁሉ ዘዴ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን አምስት አምስት ኖታ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው። አምስት ኖታ ያለው ቅኝት በጊታር ላይ በአንድ ክር ሁለት ሁለት ሆኖ ይቀመጣል። ሁለት ጥንድ ቁጥር ነው። እያንዳንዱን ክር በቁልቁል ምት ጀምረን በሽቅብ ምት እንጨርሳለን፣ ሽቅቡ ያመልጣል፣ ቀጣዩን ክር እንደገና በቁልቁል እንጀምራለን። ስንወጣም ስንወርድም አይለወጥም። ቅኝቶቻችን ለፒክ የተመቹ ናቸው።

በተግባር እንየው። ትዝታ ሜጀርን ከዶ፣ ማለትም ከሲ፣ ብንነሳ ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ ናቸው። አምስተኛው ፍሬት አካባቢ እጃችሁን አስቀምጡ። ወፍራሙ ስድስተኛ ክር ላይ 5 እና 8፤ አምስተኛው ክር ላይ 5 እና 7፤ አራተኛው ላይ 5 እና 7፤ ሦስተኛው ላይ 5 እና 7፤ ሁለተኛው ላይ 5 እና 8፤ ቀጭኑ አንደኛ ክር ላይ 5 እና 8። አሥራ ሁለት ኖታ፣ ስድስት ጊዜ ቁልቁል፣ ስድስት ጊዜ ሽቅብ። የሮክና የብሉዝ ተጫዋቾች ይህንኑ ቅርጽ ከኤ እየቆጠሩ ማይነር ፔንታቶኒክ ይሉታል፤ የቴክሳሱ ኤሪክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው አልበሙ ውስጥ በሚገኘው «ክሊፍስ ኦቭ ዶቨር» ላይ የሚያንዠቀዥቃቸው ኖታዎችም አብዛኞቹ ከዚህ ቤተሰብ ናቸው፤ የእሱም ሽቅብ ምት ያመልጣል። አንቺ ሆዬ በዚህ አቀማመጥ ለግራ እጅ ሰፋ ይላል፣ አንዳንዱ ክር ላይ ጣት መዘርጋት ይጠይቃል፤ ለቀኝ እጅ ግን ምንም ልዩነት የለውም።

ዜማ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት እየሆነ እንደማይመጣ አውቃለሁ። አንድ ክር ላይ ሦስተኛ ኖታ ሲመጣ በግራ እጅ ጣት ብቻ ማሰማት ይቻላል። ይህም ከባህላችን ጋር የሚሄድ ነው፤ ዘፋኞቻችን ድምፃቸውን ሲያስረቀርቁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው አዲስ ትንፋሽ ሳይጨምሩ ይንሸራተታሉ። በግራ እጅ የምንስበው ኖታ ያን የመሰለ ለስላሳነት አለው። ሁሉንም ኖታ በፒክ መቀጥቀጥ ለትዝታ አይስማማውም። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ካሴቶች ላይ የሰላም ስዩምን ጊታር እየደጋገሙ ማድመጥ ለጆሮ ጥሩ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ልምምዱ። በዝግታ ጀምሮ ሜትሮኖሙን በጥቂት በጥቂቱ ማሳደግ የሚለው ምክር ግማሹ እውነት ነው። ዜማውን በቃል ለመያዝ፣ የግራ እጅ ጣቶች ቦታቸውን እንዲያውቁ፣ የምቶቹን ቅደም ተከተል ለማጣራት ዝግታ ያስፈልጋል። ቀኝ እጅን ፈጣን ለማድረግ ግን ዝግታ ብቻውን አይበቃም። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ግልቢያ የፈጠነ ሶምሶማ እንዳልሆነ ያውቃል፤ እግሮቹ የሚነሱበት ቅደም ተከተል ራሱ ይለያል። ሶምሶማውን ምንም ያህል ቢያፋጥኑት ሽምጥ አይሆንም። በ60 ስንጫወት እጃችን ዝላዩን ከነግማሽ ደርዘን ትርፍ እንቅስቃሴ ማድረግ ይችላል፣ ድምፁም ንጹሕ ይሆናል። ከዚያ 4 ቢት፣ ደግሞ 4 ቢት እየጨመርን የምናሳድገው ያንኑ የተሳሳተ እንቅስቃሴ ነው። እጅ የሚተሳሰርበት ፍጥነት ላይ ስንደርስ ስህተቱ በደንብ ተለማምዷል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሜትሮኖሙን ዝጉት። ግራ እጃችሁን ክሮቹ ላይ በስሱ አሳርፋችሁ አፍኗቸው፤ አንድ ክር፣ ለምሳሌ ሦስተኛውን፣ ምረጡና ሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል በፍጥነት ቁልቁልና ሽቅብ ምቱ። አቁሙ። እጃችሁን አራግፉ። እንደገና። ድምፁ እኩል ባይሆንም አትጨነቁ። የምትፈልጉት እጅ ሳይጨነቅ የሚፈጥንበትን ስሜት ነው። እንቅስቃሴው ከእጅ አንጓ ሊመጣ ይችላል፤ ክንድ በራሱ ዙሪያ ሲሽከረከር ሊመጣ ይችላል፤ ከክንድ መታጠፊያም ሊመጣ ይችላል። ኤዲ ቫን ሄለን ቶሎ ቶሎ ሲመታ አንጓውን ከጊታሩ አንስቶ አየር ላይ አንጠልጥሎ ነበር፤ እንዲህ አይደረግም የሚል መጽሐፍ ቢኖር መጽሐፉ ነው የተሳሳተው። ሁሉንም ሞክሩና እጃችሁ የወደደውን ያዙ። ሲመቻችሁ ሜትሮኖሙን ክፈቱና ለኩት። አንድ ክር ላይ ያለ ጭንቀት 150 ከደረሳችሁ እጃችሁ ጤነኛ ነው፤ የቀረው መሻገር ነው። ካልደረሳችሁ ደግሞ ከጉልበት በፊት እንቅስቃሴውን ለውጡ።

ቀጥሎ ስልካችሁን አውጡ። የብዙ ስልኮች ካሜራ በሰከንድ 240 ምስል ይቀርጻል፤ በሰከንድ 10 ኖታ ለሚጫወት እጅ በአንድ ኖታ 24 ምስል ማለት ነው። ካሜራውን ከጊታሩ አንገት በኩል ክሮቹን በርዝመታቸው እንዲያይ አድርጉና አንድ ክር ላይ በፍጥነት ስትመቱ ቅረጹ። አዝግማችሁ ተመልከቱ። ሽቅብ ምቱ ሲያበቃ ፒኩ ከክሮቹ በላይ ከታየ ሽቅባችሁ ያመልጣል፤ የትዝታውን ልምምድ ከላይ እንዳልኩት በቁልቁል ጀምሩት። ቁልቁሉ ሲያበቃ ከላይ ከታየ ግን እጃችሁ በተፈጥሮው ተቃራኒው ነው፤ ያኔ ያንኑ ልምምድ በሽቅብ ምት ጀምሩት፣ ሁሉም ነገር ይስተካከላል። እጃችሁን ለመገልበጥ ወራት አታባክኑ። ለእጃችሁ የሚሆን የአመታት ቅደም ተከተል መምረጥ ከዚያ በጣም ይቀላል።

ከዚያ ሁለት ክር ውሰዱ፣ አራት ኖታ፣ በፍጥነት፣ ደጋግሙት። መጀመሪያ ላይ ቆሻሻ ይሆናል፤ ይሁን። እንቅስቃሴው ከተያዘ በኋላ ፍጥነቱን ጥቂት ቀንሳችሁ ድምፁን አጥሩት። ከፈጣኑ ወደ ንጹሑ መሄድ ማለት ይህ ነው። ሁለቱ ክሮች ሲጸዱ ሦስተኛውን ጨምሩ።

የቀኝ እጅ መንገድ ከተከፈተ በኋላ ድምፁ አሁንም ጭቃ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁለቱ እጆች እኩል አለመድረሳቸው ነው። በሰከንድ 10 ኖታ ላይ የግራ እጅ ጣት 30 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ ከኖታው ሲሶ ያህሉ ተበላሸ። እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ እየተቆጣጠሩ ማስተካከል አይቻልም፤ አእምሮ በዚያ ፍጥነት አንድ በአንድ አያዝዝም። አራቱን ወይም ስድስቱን ኖታ እንደ አንድ ቃል ያዙና የመጀመሪያውን ብቻ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። እጆቹ በየመጀመሪያው ኖታ ይገናኛሉ፤ በመካከል ያለው ራሱን ያስተካክላል።

ስለ ንጽሕና አንድ ነገር ልጨምር። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ዲስቶርሽን ሲከፈት ያልተመቱ ክሮችም መንጫጫት ይጀምራሉ። ከምትጫወቱት ክር በላይ ያሉትን ወፍራሞች የቀኝ እጅ መዳፍ ጠርዝ ያፍናቸዋል፤ ከታች ያሉትን ቀጭኖች የግራ እጅ አመልካች ጣት ሆድ ይነካቸዋል። ያለ ዲስቶርሽን ስትለማመዱ የእጆቹ አለመገጣጠም ይጋለጣል፤ በዲስቶርሽን ስትለማመዱ ደግሞ የማፈን ጉድለት ይጋለጣል። በአንዱ ብቻ የሚለማመድ ሰው መድረክ ላይ ሌላኛው ያዋርደዋል።

ፒኩን በተመለከተ ብዙ መባል የለበትም። በቀላሉ የሚታጠፍ ስስ ፒክ ክሩን ዘግይቶ ስለሚለቅ ለፈጣን ሥራ አይመችም፤ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ምረጡ። ክሩን በጠፍጣፋ ፊቱ ሳይሆን በጠርዙ በኩል ትንሽ አዙራችሁ ምቱ፣ ከጫፉም ወደ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ይሁን። ፒኩ እንዳይወድቅ የሚበቃውን ያህል ብቻ ያዙት።

ፈጣን ልምምድ አጭር መሆን አለበት። አሥር ደቂቃ በሙሉ ትኩረት ሠርቶ ማረፍ፣ ማታ ደግሞ መመለስ፣ ሁለት ሰዓት ሳያቋርጡ ከመቀጥቀጥ ይሻላል። ክንድ ሲሞቅና ሲጠነክር እንቅስቃሴው ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ የምትለማመዱት ብልሽቱን ነው። ድካም አንድ ነገር ነው፣ ሕመም ግን ሌላ ነው። አንጓችሁ ላይ ውጋት፣ ጣቶቻችሁ ላይ መደንዘዝ ከተሰማችሁ በዚያው ቅጽበት አቁሙ። አርፋችሁም ካልተሻላችሁ ጊታሩን ሰቅላችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የጅማት ጉዳት በጊዜ ካልታከመ ለወራት ከመጫወት ያግዳል።